ብሩን ከጠረጴዛው ካነሳን በኋላ፦ ቤታችን የምናዘጋጀው የፖከር ውድድር

የካዛንቺስ ልጆች ነን። አንድ ሜዳ ላይ ኳስ ስንጠልዝ ነው ያደግነው። በየሰርጋችን ሚዜ ሆነን ቆመናል፤ በለቅሶ ጊዜ አብረን ድንኳን ውስጥ አድረናል። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ግን ተበታተንን። ገላን ጉራ የገባ አለ፣ አያት የተከራየ አለ፣ ጀሞ የወረደ አለ። እኔና ባለቤቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም ስለምንኖር ቤታችን ለሁሉም መሃል ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ መሰባሰብ የጀመርነው በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ የምንጫወተው ኮንከር ነበር። ከዚያ አንዱ ጓደኛችን ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን የፖከር ዓይነት ስልኩ ላይ ተምሮ መጣና አስተማረን። አጨዋወቱ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደላል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የጋራ የሆኑ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻ አንድ። ከሰባቱ ምርጥ አምስቱን ያቀናጀ ያሸንፋል። በየመሃሉ ማስያዝ አለ። ምንም ያልያዘ ሰው በድፍረት ብቻ ሊያሸንፍ ይችላል። ጥሩ የያዘውም ፈርቶ ሊጥል ይችላል። የሚያጓጓው ይሄ ነው። ሁላችንም ወደድነው።

የምናስይዘው ብር ነበር። ስንጀምር አስር አስር ብር ነው፤ ማንንም አያምም። ችግሩ፣ በብር የሚጫወቱት ፖከር ማቆሚያ የለውም። የያዛችሁት ሲያልቅ ሌላ ታወጣላችሁ። እሱም ሲያልቅ አጠገባችሁ ካለው ትበደራላችሁ። በስልክ ብር መላላክ ከተለመደ ወዲህ ደግሞ «ኪሴ ባዶ ነው» ብሎ መነሳት ቀርቷል። ስልኩን ነካ ነካ ሲያደርጉት ብሩ ይሄዳል። ጠረጴዛው ላይ ስላልታየ የሄደ አይመስልም። አስሩ ሃምሳ ሆነ፤ ሃምሳው መቶ ሆነ። መቼ እንዳደገ ማናችንም አላስተዋልንም።

አንድ ቅዳሜ ማታ አንደኛው ጓደኛችን መበላት ጀመረ። ሌላ ጊዜ ቢበላ ይስቃል። ያን ቀን ዝም አለ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚጫወተው የተበላውን ለማስመለስ ብቻ ነበር። እንደዚያ የሚጫወት ሰው ካርታውን አያይም፤ የሚያየው የጎደለውን ነው። ከአንዱ ተበደረ፣ ከሌላው ደገመ። ሰኞ ጠዋት ባለቤቱ ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ የቤት ኪራዩ ብር የት እንደገባ ታውቃለህ?» አለችኝ። አልተቆጣችም። ማወቅ ብቻ ነበር የፈለገችው። ምን እንደምላት ጠፋኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከባድ ነበር። እሱ ስልክ ማንሳት አቆመ። ያበደሩት ሁለቱ ደግሞ እርስ በርስ ተቃቃሩ። አንዱ «ይቅርለት» ሲል ሌላው «እኔም ልጆች አሉኝ» አለ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል እንኳ ጠፋ። ሰፈር ሲፈርስ ያልተለያየን ሰዎች በካርታ ተለያየን።

ያስታረቀን በዕድሜ ታላቃችን የሆነው ጓደኛችን ነው። መጀመሪያ ሁላችንንም ለየብቻ አነጋገረ። ከዚያ ቤቱ ቡና አስፈልቶ ጠራን። የተስማማነው ይሄን ነበር፦ ያን ማታ የበላ ሁሉ የበላውን ይመልስ፤ ኪራዩ ይከፈል፤ ጨዋታው ላይ የተበደረው ብር ደግሞ እንዳልነበረ ይቆጠር። ቀላል አልነበረም። ግን ተደረገ።

እንደዚህ ዓይነት ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ፣ የብሩን ጉዳይ ግሩፕ ላይ አትጻፉት። ሰው ፊት የተጻፈ ነገር ያዋርዳል፤ የተዋረደ ሰው ደግሞ አይመለስም። ሚስትን ወይም ባልን መልእክተኛ አታድርጉ። ስትነጋገሩም መጠኑን በግልጽ ጥሩት። «ትንሽ ብር» እየተባለ ሲድበሰበስ እያንዳንዱ ሰው በልቡ የራሱን ቁጥር ይዞ ይቀራል፤ ቂሙም ከዚያ ይጀምራል።

ከታረቅን በኋላ ካርታውን ጨርሰን እንተወው የሚል ሐሳብ መጣ። እንቀጥል ያለው ተበልቶ የነበረው ጓደኛችን ራሱ ነው። «ጨዋታውን አልጠላሁትም፤ የጠላሁት ብሩን ነው» አለ። ያኔ ነው በውድድር መልክ እንሞክረው የተባለው። ውድድር ሲሆን ሁሉም እኩል ነጥብ ይዞ ይጀምራል። ነጥቡ ያለቀበት ይወጣል። አንድ ሰው እስኪቀር ይቀጥላል። ነጥብ በገንዘብ አይገዛም፣ አይበደሩትም። ሰው በጣም ቢሸነፍ የሚያጣው ወንበሩን ብቻ ነው። ሌላም ምክንያት ነበረን። ያለ ፈቃድ ቁማር ማጫወት በአገራችን ሕግ ያስጠይቃል። ቤታችሁ ሰው ሰብስባችሁ ከየጨዋታው የቤት ድርሻ የምትወስዱ ከሆነ ቤታችሁ ቁማር ቤት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ይሄን በር ከመጀመሪያው ዝጉት።

የመጀመሪያው ውድድር ግን ሰውን አሰልችቶ ነው የተበተነው። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። በሆልደም የማደል ተራው ከደረሰው ሰው በስተግራ ያሉት ሁለት ሰዎች ካርታ ከመታደሉ በፊት የግዴታ ያስቀምጣሉ። ብላይንድ ይባላል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ነው። እኛ ብላይንዱን ማታውን ሙሉ 25 እና 50 ላይ ተውነው። እያንዳንዳችን ደግሞ 5,000 ነጥብ ይዘን ነበር የተቀመጥነው። 50 ነጥብ ለማን ያሳስባል? ሁሉም ጥሩ ካርታ እየጠበቀ ተቀመጠ። አራት ሰዓት ሲሆን የወጣ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። የገላን ጉራው ጓደኛችን ትራንስፖርት ያሳስበው ጀመር። አሸናፊ ሳይኖር ተለያየን።

መፍትሔው ብላይንዱን በሰዓት መጨመር ነው። አሁን በየ20 ደቂቃው እናሳድጋለን። የኛን ቅደም ተከተል እንዳለ ብትወስዱት ይሠራል፦ 25 እና 50፣ 50 እና 100፣ 75 እና 150፣ 100 እና 200፣ 200 እና 400፣ 300 እና 600፣ 400 እና 800፣ 500 እና 1,000፣ 1,000 እና 2,000። ዘጠኝ ደረጃ በ20 ደቂቃ ሲባዛ ሦስት ሰዓት ይሆናል። የእረፍቱን ጊዜ ጨምሩበት። መቼ እንደሚያልቅ አስቀድማችሁ መገመት ከፈለጋችሁ የሁሉንም ሰው ነጥብ ደምሩ። ዘጠኝ ሰው ከሆናችሁ 45,000 ነው። ድምሩ ለትልቁ ብላይንድ ሲካፈል ወደ 20 ሲጠጋ ውድድሩ ማለቂያው ላይ ደርሷል። ሰው ከቸኮለባችሁ ደረጃውን ወደ 15 ደቂቃ አውርዱት፤ የመነሻ ነጥቡን ግን አትቀንሱ። ትንሽ ነጥብ ይዞ የጀመረ ሰው ማሰቢያ ጊዜ ሳያገኝ ይወጣል፤ ከአያት ድረስ መጥቶ በሩብ ሰዓት መውጣት ደግሞ ያሳዝናል።

ለአንድ ሰው ነጥቡን ቺፕ በሚባሉ፣ ዋጋቸው በቀለም በሚለይ ትናንሽ ክብ ማስያዣዎች እንዲህ እናከፋፍላለን፦ ስምንት ባለ 25፣ ስምንት ባለ 100፣ አራት ባለ 500፣ ሁለት ባለ 1,000። ድምሩ 5,000 ይመጣል። በቁጥር ለሰው 22 ቺፕ ነው፤ ለዘጠኝ ሰው 198። ስለዚህ 300 ቺፕ ያለው ሳጥን ከበቂ በላይ ነው። ቀለማቱ ግን በዚህ ልክ መኖራቸውን ከመግዛታችሁ በፊት ቁጠሩ። እኛ ሳጥኑን ከውጭ በሰው እስክናስመጣ ድረስ የተጫወትነው በቆርኪ ነው። ቆርኪ ጥሩ ይሠራል፤ ነጥቡን በቀለም ለዩት። ውስጡን በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ከቢራ ጠርሙስ ላይ ተነስቶ የመጣ ቆርኪ ከነጥቡ ጋር እንዳይቀላቀል። ከሦስተኛው ደረጃ በኋላ ባለ 25ቱ አያስፈልግም። በእረፍት ሰዓት አራቱን በአንድ ባለ 100 እየቀየራችሁ አንሱት። ትርፍራፊ የቀረበት ሰው ካለ ወደ ላይ አጠጋጉለት፤ ለዚህ መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ችግር ክርክር ነበር። ገንዘብ ባይኖርም ሰው ለነጥብም ይከራከራል። ሦስት ሰዎች ተፋጠጡ። አንደኛው ያለውን 700 ሁሉ አስያዘ። ሁለቱ 2,000፣ 2,000 አስያዙ። የ700ው ሰው አሸነፈና መሃል ላይ ያለውን ሁሉ ሊጠርግ እጁን ዘረጋ። ጩኸት ሆነ፤ ጎረቤት ግድግዳ መታ። ደንቡ ግን ግልጽ ነው። ሰው ከእያንዳንዱ ተጫዋች ሊወስድ የሚችለው ራሱ ያስያዘውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ 700 ሦስት ጊዜ፣ 2,100፣ የሱ ነው። የሁለቱ ትርፍ፣ 1,300 ሁለት ጊዜ፣ 2,600፣ ለብቻው ተቀምጦ ከሁለቱ የተሻለ ካርታ ያለው ይወስደዋል። አንድ ሰው ያለውን ሁሉ ባስያዘ ቁጥር፣ ቀጣዩ ካርታ ከመገለጡ በፊት፣ መሃል ያለውን ለሁለት ክፈሉት። በኋላ ልክፈል ብትሉ ማን ምን እንዳስቀመጠ የሚያስታውስ አይኖርም።

ከዚያ ማግስት ደንቦቹን በአማርኛ ጽፌ አተምኳቸውና ጠረጴዛው ላይ አኖርኳቸው። የካርታዎቹ ደረጃም አለበት። አዲስ ሰው ሁሌ የሚጠይቀው አንድ ነው፦ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች፣ ማለትም ፍላሽ፣ ለምን ተከታታይ ቁጥርን፣ ስትሬትን ይበልጣል? መልሱ ቁጥር ነው። ከ52 ካርታ 2,598,960 የተለያዩ አምስት አምስት ካርታዎች ይወጣሉ። ከነዚህ ስትሬት የሆኑት 10,200 ናቸው። ፍላሽ 5,108 ነው። ፉል ሃውስ፣ ማለትም ሦስት አንድ ዓይነት ቁጥርና ሁለት ሌላ አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ደግሞ 3,744 ብቻ ነው። ብርቅ የሆነው ይበልጣል። ይሄን አንዴ ያስረዳችሁት ሰው ደረጃውን አይረሳም።

ደንቡ ላይ ሌሎችም አሉ። መጠኑን ከመጨመራችሁ በፊት በአፍ ተናገሩ፤ ትንሽ አስቀምጦ የሰው ፊት አይቶ መጨመር አይፈቀድም። ካርታውን የጣለ ሰው ጨዋታው እስኪያልቅ ምን ጥሎ እንደነበር አይናገርም። ማንም ሌላውን አይመክርም፤ ባልና ሚስትም ቢሆኑ። ሁለት ሰው ብቻ ሲቀር ትንሹን ብላይንድ የሚያስቀምጠው የማደል ተራው የደረሰው ሰው ነው፤ ካርታውን ሌላ ሰው ቢያድልም። እሱ ከጋራዎቹ ካርታዎች በፊት ቀድሞ ይጫወታል፣ ከተገለጡ በኋላ መጨረሻ ይጫወታል። ይሄኛውን በተለይ ጻፉት። ክርክሩ የሚነሳው ዋንጫው ሊበላ ሲል ነው፤ ያኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ደክሞታል።

ስለ ቤቱ ዝግጅትም ጥቂት ልበል። ዘጠኝ ሰው አንድ የምግብ ጠረጴዛ ላይ አይበቃም። ሁለት ጠረጴዛ ገጥመን ላዩ ላይ ጋቢ እናነጥፋለን። ባዶ እንጨት ላይ የወደቀ ካርታ በጥፍር አይነሳም፤ ለማንሳት ሲታገሉ ይገለጣል። ካርታው ፕላስቲክ ይሁን። የወረቀቱ ይታጠፋል፤ የታጠፈ ካርታ ደግሞ ከጀርባው ይታወቃል። የጀርባ ቀለማቸው የተለያየ ሁለት ደስታ ካርታ ካላችሁ አንዱ ሲታደል ሌላው ይበወዛል፤ ብዙ ጊዜ ትቆጥባላችሁ።

ምግብ ጠረጴዛው ላይ አናቀርብም። እንጀራ በእጅ የሚበላ ነው፤ ቅባት የነካው ካርታ ደግሞ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ስንጫወት ቆሎና ፈንዲሻ ብቻ ነው። ራቱ ከውድድሩ በኋላ ነው፤ ጾም ከሆነ ሽሮና አትክልት፣ ካልሆነ ጥብስ። ቡናውን ባለቤቴ በእረፍቱ ሰዓት ልክ እንዲደርስ አድርጋ ታቀርበዋለች። አቦሉ ሲቀዳ እረፍት እንወጣለን፤ ቶናው ሲያልቅ ወንበራችን ላይ ነን። በረካውን እየተጫወትን እንጠጣለን። ለመብራት መጥፋት የሚሞላ መብራት ከጎኔ አይለይም። መብራት እንደጠፋ ሁሉም እጁን ካርታው ላይ ጭኖ ይጠብቃል፤ ሰዓቱም ይቆማል። ይሄም ደንባችን ላይ ተጽፏል።

የምንጀምረው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ላይ ጨርሰን፣ ራት በልተን፣ ሩቅ ያለው ታክሲ ሳያልቅ ይወጣል። ቀን ስትመርጡ የእግር ኳሱን ፕሮግራም እዩ። አርሰናል ወይም ማንቼ በዚያ ሰዓት የሚጫወቱ ከሆነ ግማሹ ሰው ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ጥር ላይም አታድርጉት፤ ቅዳሜው ሁሉ ሰርግ ነው። የሚያረፍድ ሰው አይጠፋም። እሱን አንጠብቅም። ነጥቡን ወንበሩ ላይ እናስቀምጥለታለን፤ ተራው ሲደርስ ብላይንዱ ከነጥቡ ይነሳል። ይሄን ከጀመርን ወዲህ ማርፈድ በጣም ቀንሷል።

ቀድሞ የወጣ ሰው ምን ይሥራ የሚለውን ብዙ አሰብንበት። ሰው ሦስት ሰዓት ግድግዳ እያየ ከተቀመጠ በሚቀጥለው አይመጣም። አሁን እስከ ሦስተኛው ደረጃ ድረስ የወጣ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ በአዲስ 5,000 ነጥብ መመለስ ይችላል። ለዚህ ምንም አይከፍልም። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የወጣው አዳይ ይሆናል፤ ሰዓቱንም እሱ ይይዛል። አዳይነት ክብር አለው፤ ክርክር ሲነሳ የመጨረሻው ቃል የሱ ነው። ሌሎቹ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ኮንከር ይጀምራሉ። አንዳንዴ የዚያ ሳቅ ይበልጥና ዋናው ጠረጴዛ ይቀናል።

ሁሉም እኩል ያዋጣል። መዋጮው ለምግቡና ለቡናው ነው፤ ከተረፈ ሰው ሲታመምብን ወይም ልጅ ሲወለድልን መጠየቂያ እንዲሆን ይቀመጣል። ያሸነፈ ሰው ዋንጫ ይወስዳል፤ በሚቀጥለው ደግሞ ከመዋጮ ነፃ ነው። ይሄው ነው ሽልማቱ። ብር ከሌለ ሰው ከልቡ አይጫወትም የሚሉ ነበሩ። ዋንጫው ቡፌ ላይ ሲቀመጥና ልጆች «አባባ አሸነፈ» ሲሉ ያላዩ ናቸው። ባለቤቶቻችንም መጫወት ጀምረዋል። ስለ ኪራዩ የደወለችልኝ የጓደኛችን ሚስት ዋንጫውን ሁለት ጊዜ ወስዳለች። ትዕግስት አላት፤ ስትይዝ ብቻ ነው የምትገባው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እሱን ሳልነግራችሁ ብተው ሌላው ሁሉ አይጠቅማችሁም። ውድድሩ ካለቀ በኋላ፣ ራት ተበልቶ፣ ሰው ሞቅ ሲለው፣ አንዱ «ለጨዋታ ያህል ትንሽ በብር እንሞክር» ማለቱ አይቀርም። እኛም ጋ ተብሏል። በዚያች ሰዓት መከራከር አይሆንም፤ ከባድ ነው፤ እምቢ ያለው ሰው ጨዋታ አበላሽ ይመስላል። ስለዚህ አስቀድመን ተስማምተናል። አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ካርታው ይቆጠራል፤ 52ቱ መሙላቱ ይረጋገጣል፣ ሳጥኑ ይቆለፋል። ቁልፉን ለሩቅ ተጓዡ፣ ለገላን ጉራው ጓደኛችን እንሰጠዋለን። ከሁላችን ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው፤ ቁልፉም አብሮት ይሄዳል።